የላሊበላ ስታዲየም ወደ ታች ይሠራ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በላስታ ተራራ ላይ የተማሪዎቼ ኳስ ወደ ገደል በተንከባለለ ቁጥር፣ ሮጦ የወረደው ልጅ ይዞት እስኪመለስ ድረስ ጨዋታው ይቆማል። ስለዚህ ለላሊበላ ደኅና የስፖርት ሜዳ ያስፈልጋታል እላለሁ። ነገር ግን አሠራሩ ይታሰብበት።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘንበት የአዲስ አበባ ስታዲየም ከደልዳላ መሬት ላይ የቆመ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ረዥም የሲሚንቶ ግንብ ቢቆም፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ስፍራ መልክ ያበላሻል። አባቶቻችን ቤተ ጊዮርጊስን 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ፈለፈሉት እንጂ ወደ ላይ አልካቡትም፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይም አበጁ።

እንግዲህ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ራቅ ባለ ተዳፋት ላይ መቀመጫው እንደ እርከን ከኮረብታው ይቆረጥ፤ የክረምቱም ጎርፍ መውረጃ አስቀድሞ ይበጅ። በፖርቱጋል አገር፣ በብራጋ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመረቀው ስታዲየም የተሠራው በድንጋይ ካባ ውስጥ ነው፤ በአንድ ወገን ግድግዳው አለቱ ራሱ ነው። እነርሱ ይህን ካደረጉ፣ አለት መፈልፈል የአባቶቹ ሙያ የሆነ ሕዝብ እንዴት ይሳነዋል?

የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ መምህር
ከላሊበላ