የሐበሻ ቀሚስና የባለቤቲቱ ቁመና

ልብስ የሥጋ መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን የክብርም መግለጫ እንደ መሆኑ መጠን፣ ለበዓል የሐበሻ ቀሚስ ልታሰፋ ወደ ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ የምትወጣ ሴት፣ ከጥለቱ ኅብረ ቀለም አስቀድማ የገዛ ቁመናዋን ብትመረምር እጅግ ይበጃታል። ዓይን መስመርን ተከትሎ የሚሄድ ነውና፣ ከአንገት እስከ እግር በቀጥታ የሚወርድ ቀጭን ጥበብ አጭሯን ሴት ረዘም አድርጎ ሲያሳያት፣ በቀሚሱ ጫፍ ዙሪያ የተጣለ ሰፊ ጥለት ግን ቁመቷን ከታች ቈርጦ ያሳጥርባታል፤ ይኸው ሰፊ ጥለት ለረጅሟ ግርማ ሞገስ ይሆናታል።

መቀነትም እንዲሁ ነው። ወገቧ ቀጭን፣ ዳሌዋ ሰፊ የሆነች ሴት ጠበቅ አድርጋ ብትታጠቀው የተፈጥሮ ውበቷ ይገለጣል፤ ሆዷ ገፋ ያለ እንደ ሆነ ግን፣ ከጡቷ ሥር ጀምሮ ልል ሆኖ የሚወርደው ስፌት ይሻላታል፤ መቀነቱንም የግድ አትፈልገውም።

በእጅ የተፈተለው ወፍራም ሸማ አካልን ሞላ አድርጎ ስለሚያሳይ ለቀጫጭኖች፣ ስሱና ለስላሳው ደግሞ ለደልዳሎች ይመረጣል። ስፌቱ ከመጠናቀቁ በፊትም፣ በበዓሉ ቀን የምትጫማውን ጫማ አድርጋ በመስተዋት ፊት ትቁም፤ ርዝመቱ በባዶ እግር ተለክቶ፣ ቀሚሱ ያጠረባት ሴት ብዙ አይቻለሁና።