የኮምፒዩተር ቋንቋና ደጃፉ



ወደ አንድ ቤት በእንግድነት የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ሳሎኑን ሳይሆን በሩን ነው። ቤቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በሩ ሳይከፈትለት የተመለሰ እንግዳ ስለ ውበቱ ሊመሰክር አይችልም። በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋዎች፣ ይልቁንም ስለ በራቸው ይሆናል።

የኮምፒዩተር ቋንቋ ማለት ሰው ለኮምፒዩተር ትእዛዙን የሚጽፍበት፣ የራሱ ቃላትና ሰዋስው ያለው የአጻጻፍ ስልት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን ጽሑፍ እንዳለ አይረዳውም፤ ወደ ራሱ ቍጥሮች የሚመልስለት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አስተርጓሚዎች ዋነኛውን ዓይነት ባለሙያዎች ኮምፓይለር ይሉታል። እንግዲህ አንድን ቋንቋ መጫን ማለት አስተርጓሚውን ከነረዳቶቹ አምጥቶ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በየቦታው ማስቀመጥ ነው። አዲስ ቋንቋ በወጣ ቍጥር ፈጣሪዎቹ ስለ ፍጥነቱና ስለ ሰዋስው ማማሩ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ መጫኑ የሚጽፉት ግን ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የቋንቋውን ዕድል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በእነዚያ ሁለት መስመሮች ውስጥ ይገኛል።

ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ልጥራና፣ በ1964 ዓ. ም. በአሜሪካ በዳርትማውዝ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ አወጡ። ሐሳባቸው ሳይንስ የማያጠናው ተማሪ ጭምር በኮምፒዩተር እንዲሠራ ነበር። ስለዚህም ተማሪው ምንም ነገር እንዲጭን አልተጠየቀም፤ ከትልቁ ኮምፒዩተር ጋር በመስመር በተገናኘው የቴሌታይፕ መኪና ፊት ተቀምጦ መጻፍ ብቻ በቂው ነበር። ኋላም የቤት ኮምፒዩተሮች በወጡ ጊዜ ሠሪዎቻቸው ቤዚክን በመሣሪያው ውስጥ አብረው አኖሩት። በ1982 ዓ. ም. የወጣውን ኮሞዶር 64 የገዛ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ወዲያውኑ ‹‹ሬዲ››፣ ማለት ዝግጁ ነኝ፣ የሚል ቃል ይታየው ነበር። ሊቃውንቱ ቤዚክን አጥብቀው ነቅፈውታል፤ ነቀፋቸውም ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ያገኙት ከዚሁ ከተነቀፈው ቋንቋ ነው።

የፓስካል ታሪክ ደግሞ ነገሩን በይበልጥ ይገልጠዋል። ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ይህን ቋንቋ በዙሪክ ሲያዘጋጅ፣ በ1970 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ኮምፓይለር ለአንድ ዓይነት ትልቅ ኮምፒዩተር ብቻ የተሠራ ነበር። ቋንቋው ለማስተማር የተመቸ መሆኑን የሰሙ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ፈለጉት፤ ነገር ግን መሣሪያቸው ሌላ ዓይነት ስለ ነበረ ሊጭኑት አልቻሉም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አዲስ ኮምፓይለር መጻፍ ደግሞ የዋዛ ሥራ አይደለም። ቪርትና ረዳቶቹ ብልኀት ያለበት መፍትሔ አገኙ። ኮምፓይለሩ ለእውነተኛ ኮምፒዩተር ሳይሆን በሐሳብ ብቻ ላለ አንድ ቀላል መሣሪያ እንዲተረጕም አደረጉና ይህንኑ ጠቅልለው ለጠየቋቸው ላኩ። ለተቀባዩ የቀረው ሥራ ያንን የሐሳብ መሣሪያ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስመስል አጭር ፕሮግራም መጻፍ ብቻ ሆነ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንዲየጎ፣ በኬኔት ቦውልስ መሪነት ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች የተዘጋጀው ፓስካል የተወለደው ከዚህ ጥቅል ነው።

ከዚያም በ1983 ዓ. ም. ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው አንደርስ ሃይልስበርግ የጻፈውን ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሌሎች ኮምፓይለሮች ዋጋ በመቶ ዶላሮች የሚቈጠር ነበር፤ አንዳንዶቹም አንዱን ዲስክ እያወጡ ሌላውን ማስገባትን ይጠይቁ ነበር። በቱርቦ ፓስካል ግን ጽሑፉን ማረሚያውም ኮምፓይለሩም ከ40 ኪሎባይት ባነሰ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቃለው ቀረቡ። ዲስኩን አስገብቶ ስሙን መጻፍ፤ መጫኑ ይኸው ነበር። ቋንቋው በመሠረቱ ቪርት ያወጣው ያው ፓስካል ነው። የተለወጠው ደጃፉና ዋጋው ነው፤ ቱርቦ ፓስካልም ከተማሪ እስከ ነጋዴ በብዙ ሰው እጅ ገባ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከብራዚል የመጣ ነው። በ1993 ዓ. ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪና ሁለት ባልደረቦቹ ሉዋ የሚባል ቋንቋ ፈጠሩ። የሚሠሩላቸው ድርጅቶች ኮምፒዩተሮች ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ስለ ነበረ፣ ቋንቋው በሁሉም ላይ ያለ ችግር እንዲቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ዛሬም የሉዋ ምንጭ ጽሑፍ በሙሉ ታጭቆ ሲቀመጥ ከ400 ኪሎባይት አይበልጥም፤ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ የበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የጨዋታ ፕሮግራም ሠሪዎች ከገዛ ሥራቸው ውስጥ አስገብተውት፣ በ2004 ዓ. ም. የወጣው ዎርልድ ኦቭ ዎርክራፍት ለተጫዋቾቹ ከነሉዋ ቀረበ። ተጫዋቹ ቋንቋ ልጫን ብሎ አላሰበም፤ ሳያውቀው አብሮት ገብቷል። በ1995 ዓ. ም. ብሬንዳን አይክ ለኔትስኬፕ ብራውዘር በዐሥር ቀን ያዘጋጀው ጃቫስክሪፕትም ዕድሉ እንዲሁ ነበር። በጥድፊያ የተሠራ በመሆኑ ጕድለቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ብራውዘር ባለበት ሁሉ አስቀድሞ ተገኘ።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ግልጥ ከሆነ ቋንቋ ሠሪዎች ስለ ምን ይዘነጉታል? ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ቋንቋውን የሠራው ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ ከብዙ ጊዜ በፊት ተሟልቶለታል፤ እንቅፋቱ የት እንደ ነበረ እንኳ አያስታውስም። ሊጭን ሞክሮ አቅቶት የተመለሰው ሰው ደግሞ ደብዳቤ አይጽፍም። ቅሬታውን የሚጽፍ ሰው ቢያንስ የገባ ሰው ነው። ስለሆነም ሠሪዎቹ ስለ ሰዋስው የሚነሣውን ክርክር ዘወትር ይሰማሉ፤ ከደጅ የተመለሰውን ግን አይሰሙትም። በ1996 ዓ. ም. በፈረንሳይ የወጣው ኦካምል በሊቃውንት ዘንድ የተመሰገነ ቋንቋ ነው። ሆኖም ረዳት ጥቅሎቹን የሚያመጣለት ኦፓም የተባለው መሣሪያ ዊንዶውስን በይፋ የደገፈው በ2024 ዓ. ም. በወጣው በ2.2 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ብቻ ያለው ተማሪ በዙሪያ መንገድ መሄድ ነበረበት።

አዳዲሶቹ ከዚህ የተማሩ ይመስላል። በ2015 ዓ. ም. የመጀመሪያ ቋሚ እትሙን ያወጣው ረስት ለመማር ከባድ መሆኑን ወዳጆቹም ያምናሉ፤ ነገር ግን አንድ መስመር ትእዛዝ ኮምፓይለሩንም፣ ካርጎ የተባለውን ረዳት ጥቅሎች አምጪም አንድ ላይ ያቀርባል። ሆኖም በዊንዶውስ ላይ በተለመደው መንገድ ለመጫን የማይክሮሶፍትን የግንባታ መሣሪያዎች ጨምሮ ማውረድ ያስፈልጋል፤ መጠናቸውም በጊጋባይት የሚቈጠር ነው። ይህ በአንዳንድ አገር ቡና እስኪፈላ ድረስ ያልቃል። በእኛ አገር ግን ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ወጣት መጫን ራሱ ገንዘብ ነው፤ በመካከሉ የተቋረጠም እንደሆነ ገንዘቡ አይመለስም።

በደሴ የሚኖር አንድ የእኅቴ ልጅ፣ ስሙን የማልጠራውን ቋንቋ ለመጫን ሁለት ሌሊት ታግሎ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ጥቅሉ በመካከል አለቀበት። በሁለተኛው ሌሊት ሁሉም ከወረደ በኋላ፣ ትርጕሙን ሊያውቀው የማይችል የስሕተት ቃል ወጣ፤ የሚጠይቀውም ሰው አጠገቡ አልነበረም። ስልክ ደውሎ፣ ‹‹አጎቴ፣ ይህ ነገር ለእኔ ዓይነት ሰው አይደለም›› አለኝ። ልጁ በትምህርት ቤት ከሒሳብ ተማሪዎች የተመሰገነ ነበር። የወደቀው ግን በሒሳብ ሳይሆን ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ በደጃፉ ላይ ነው፤ ያንንም የራሱን አእምሮ ጕድለት አድርጎ ቈጠረው። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጓደኛው ሌላ ቋንቋ በፍላሽ ይዞለት መጣ። አንድ ፎልደር ብቻ ነበር፤ ቀድቶ ከፈተው፣ ኢንተርኔትም አላስፈለገውም። በዚያው ምሽት የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ጻፈ። አሁን የእናቱን ዕቁብ ሒሳብ የሚይዝና ዕጣውን የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርቷል። እኅቴ እንደ ነገረችኝ ከሆነ የዕቁቡ አባላት ሒሳቡን ወደውታል፤ ዕጣው ግን እንደ ጥንቱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሰው እጅ ካልወጣ አንቀበልም ብለዋል።