ቡችላ ቤት ልታስገቡ ነው? እንግዲያውስ ይህን ሳታነቡ አታምጡት



የዛሬው ርዕስ ከወትሮው ወጣ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ ቡችላ ነው። «ዶክተር፣ አንተ የሰው ሐኪም ነህ፤ ቡችላ ደግሞ ምን አገባህ?» እንዳትሉኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንድ ሰኞ ማታ ተረኛ ሆኜ ሳለ አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጁ ቀኝ እጅ በነጠላ ጫፍ ተጠቅልሏል። ስፈታው ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተነስንሶበታል። ቡናውን በውኃ ሳስለቅቀው አውራ ጣቱ ሥር ሁለት ትንንሽ የጥርስ ቀዳዳዎች ታዩ።

«ምን ነክሶት ነው?» አልኳት።

«ኧረ ቡችላ ነው ዶክተር። ቅዳሜ ነው ያመጣንለት፣ ገና ትንሽዬ ነው። ደሙ እንዲቆምለት ብዬ እንጂ ለዚህ ለዚህስ አልመጣም ነበር።»

ቡችላው ከመንገድ ዳር በካርቶን የተገዛ ነው። እናቱ የት እንዳለች፣ ተከትባ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜና እሁድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየመጣ ሲያቅፈው፣ ሲያነሳው፣ አብሮት ፎቶ ሲነሳ ዋለ። ማታ ማታ ደግሞ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ አደረ። ሰኞ ማታ ምግቡን እየበላ ሳለ ልጁ ከኋላ መጥቶ ላንሳህ ሲለው ነከሰው። አባትየው ተናዶ «ነገ ጠዋት ወስጄ እጥለዋለሁ» ብሏል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፣ ክፉ ቡችላም የለም። ያለው የፈራ ቡችላ፣ የጓጓ ልጅና ምንም ሳይዘጋጅ ቡችላ ያመጣ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ፦ ቡችላውን ማረጋጋትና ማስከተብ ለቡችላው ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ የልጆቻችሁ ጤና ጥበቃ ነው።

1. ከማምጣታችሁ በፊት

ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ከእናቱና ከወንድሞቹ ብዙ ነገር ይማራል። ሲጫወት ጠንክሮ ከነከሰ ወንድሙ ይጮህበታል፣ ጨዋታው ይቆማል። ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው እንዲህ ነው። ቶሎ የተለየ ቡችላ ይህን ትምህርት አቋርጦ ነው የሚመጣው።

ሲሰጧችሁ ወይም ሲሸጡላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዕድሜው ስንት ነው? እናቱ ተከትባለች? እስካሁን ምን ሲበላ ነበር? መልስ የሌለው ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡችላውን እንዳልተከተበ ቁጠሩትና በዚያው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከመንገድ ላይ አንስታችሁት ከሆነም እንደዚያው።

2. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

እስኪ በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ትናንት እናቱ ሥር ተጠግቶ ሲተኛ የነበረ ፍጥረት ዛሬ የማያውቀው ቤት፣ የማያውቀው ሽታ፣ የማያውቀው ድምፅ ውስጥ ነው። እኛ «እንኳን ደስ አላችሁ» እንባባላለን፣ እሱ ግን ይንቀጠቀጣል።

- አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ስጡት። ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃል። ብርድና እርጥበት የማይገባበት፣ ሰው የማይመላለስበት ቦታ ይሁን።
- ከቻላችሁ እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ አምጡለት። የሚያውቀው ሽታ ያረጋጋዋል።
- ማታ ሊያለቅስ ይችላል። ይሄ ብልግና ወይም ቅብጠት አይደለም፣ ብቸኝነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ድምፃችሁን የሚሰማበት ቦታ ይደር፤ ወደ ግቢ ማውጣቱ በኋላ ይደርሳል።
- እንግዳና የሰፈር ልጆች ለሁለት ሦስት ቀን ይታገሱ። ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። እሱ ራሱ ወደ እናንተ ይምጣ፤ ሲመጣ ዝቅ ብላችሁ ደረቱን ወይም ጎኑን ዳብሱት።
- ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ሰውን፣ የቤት ውስጥ ድምፅን፣ የበር ደወልን አለማምዱት። እስከ 14 ሳምንት ገደማ ያለው ዕድሜ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ተደብቆ ወይም ታስሮ ያደገ ቡችላ ካደገ በኋላ በቀላሉ የሚደነግጥ ውሻ ይሆናል።
- አትምቱት። ቤት ውስጥ ሸንቶ ስታገኙት አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ መንከርም ምንም አያስተምረውም፣ እናንተን መፍራት ብቻ ነው የሚማረው። ከእንቅልፍ ሲነሳና በልቶ ሲጨርስ ወዲያው ወደ ውጪ አውጡት፤ እዚያ ሲሸና አመስግኑት። በቃ።

3. ምግብ

በመጀመሪያው ሳምንት የለመደውን ምግብ አትቀይሩበት። መቀየር ካስፈለገ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ ቀስ በቀስ ይሁን። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይብላ። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ይኑረው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጥ ላይ ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ስለዚህ ትራፊ ወጥ አታፍሱለት። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም መርዝ ይሆኑበታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። የላም ወተትም ብዙ ቡችላዎችን ያስቀምጣቸዋል።

በበዓል ጊዜ ደግሞ ልብ በሉ! በግ ስናርድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካየን ቆርጠን ለውሻ እንወረውራለን። ይሄ አደገኛ ልማድ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ከዚያ በእጅ፣ በምግብ ወይም በውኃ አድርጎ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ላይ ዓመታት ቆይቶ ጉበትና ሳንባ ውስጥ እዚያው ዓይነት ከረጢት ይሠራል፤ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ድረስ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ የሆድ ዕቃ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

4. የልጆች ሕግ

ልጆችን የሚነክሰው ብዙ ጊዜ የማያውቁት የመንገድ ውሻ ሳይሆን የሚያውቁት ውሻ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ እነዚህን አራት ሕጎች እንደ መዝሙር ይያዟቸው።

- ሲበላ አልነካውም።
- ሲተኛ አልቀሰቅሰውም።
- ጆሮውንና ጭራውን አልጎትትም፣ ፊቴንም ወደ ፊቱ አላስጠጋም።
- ከነካሁት በኋላ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ፦ ትንሽ ልጅና ቡችላን ያለ አዋቂ ብቻቸውን አትተዉ። ጭራውን እግሮቹ መካከል ከከተተ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ ድርቅ ብሎ ከቆመ ወይም ካጉረመረመ «በቃኝ» እያለ ነው። ሲያጉረመርም አትቅጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በማጉረምረሙ የተቀጣ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

5. ክትባትና የትል መድኃኒት

ቡችላዎች የሆድ ትል ከእናታቸው ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ። ይህ ትል ወደ ልጆችም ሊተላለፍ፣ አልፎ አልፎም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የትል መድኃኒት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጀምሮ በተደጋጋሚ ይሰጣል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪሙ በክብደቱ ይወስናል። የሰው መድኃኒት ቆርሳችሁ እንዳትሰጡት። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሱ። ፀጉሩ በክብ በክብ የሚረግፍ ከሆነም አሳዩት፤ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ ወደ ልጆችም ይተላለፋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ዕድሜ ይጀመራል፤ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። ልብ በሉ፣ ክትባቱ በተሰጠበት ቀን አይሠራም፤ ሰውነቱ መከላከያ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ከማታውቁት ውሻ ጋር አታገናኙት።

6. ከነከሰ ምን እናድርግ?

አሁን ወደዚያች እናት ልመልሳችሁ። «ቡችላ ነው እኮ» ያለችው ነገር ብዙ ቤት የሚባል ነው። ግን ቡችላም የእብድ ውሻ በሽታን ያስተላልፋል። በዓለም ላይ ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች መካከልም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴም በዓመት። አንዴ ከጀመረ ግን በሽታው ገዳይ ነው። ከመጀመሩ በፊት ከደረስንበት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ማዳን ይቻላል። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፦

- ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ይህ ብቻውን ብዙ ቫይረስ ያስወግዳል።
- ቡና፣ ቅጠል፣ በርበሬ፣ የውሻ ፀጉር ወይም ሌላ ነገር አታድርጉበት።
- በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባቱ ሁሉም ቦታ ላይኖር ስለሚችል የሌለበት ቦታ ብትደርሱ የት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ወዲያው ቀጥሉ። የቴታነስ ነገርም አብሮ ይታያል።
- ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ጸሎቱንም ይጸልይ። ክትባቱን ግን በዚያ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አታዘግዩ።
- ድሮ ሆድ ላይ የሚወጋውን ብዙ መርፌ ፈርታችሁ አትቅሩ። አሁን ያለው ዘመናዊ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው።
- የተቀጠራችሁበትን መርፌ በሙሉ ጨርሱ። ማቋረጥ የሚችለው ሐኪሙ ብቻ ነው።

እና ያ አባት? ስልክ አስደውዬ ያዋራሁት እሱን ነው። «ወንድሜ፣ እባክህ ውሻውን እንዳትጥለው፣ እንዳትገድለውም» አልኩት። መጀመሪያ ግራ ገባው። ምክንያቱ ግን ይህ ነው፦ የነከሰ ውሻ ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ ለ10 ቀን ይታያል። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ከጣልነው ግን ይህን መቼም አናውቅም፤ ችግሩንም ወደ ሌላ ሰፈር ልጅ አሻገርነው ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ እግሩ ከሰነፈ ወይም ከሞተ በባዶ እጅ ሳትነኩት ለእንስሳት ሐኪምና ለልጁ ሐኪም አሳውቁ። ያበደ ውሻ ሁልጊዜ እየጮኸ አይሮጥም፤ ዝም ብሎ ጥግ የሚይዝም አለ።

ክትባቱን ግን ውሻውን እስክናይ ብለን አላቆየነውም። የልጁን እጅ 15 ደቂቃ አጠብነው፣ እያለቀሰ። በዚያው ሌሊት ክትባቱ ወዳለበት ቦታ ሄደው ጀመሩ። እናትየው በየቀጠሮው ይዛው ትሄድ ነበር፤ በመሃል በመሃል እየደወለች የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ዛሬም በልቷል፣ ጥሩ ምልክት ነው አይደል?» ስለ ቡችላው ነው። አባትየው እንኳ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ሳህኑን ማየት ጀምሮ ነበር።

በ11ኛው ቀን በቴሌግራም አንድ ፎቶ ደረሰኝ። ቡችላው ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላል። ልጁ ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ከሥሩ «ሲበላ አልነካውም ብሏል» የሚል ተጽፎበታል።

ቡችላ ያለው ወይም ሊያመጣ ያሰበ ዘመድ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ቤታችሁ ያለው ውሻ ለመጨረሻ ጊዜ የተከተበው መቼ እንደሆነ ካላስታወሳችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ አስከትቡት።

መልካም ጤንነት!