እሑድ ጠዋት ደብረ ኤልያስ ለሚያዳምጡ እናት

እናትዎ ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ይኖራሉ እንበል። ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት መውጣት ትተዋል። አንዱ ልጃቸው አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ናት። እሑድ ጠዋት ሁሉም አንድ ስብከት በአንድ ሰዓት ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ታዲያ በቪዲዮ ሲሞከር ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ የሞላው ካርድም ሳይታሰብ ያልቃል። እናት ግን ምስሉን መች ጠየቁ? የሚፈልጉት ድምፁን ነው።

በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውን፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ የወረሰውን ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በዚያን ዘመን የአንድን ሰው ድምፅ ራቅ ወዳለ ገጠር ማድረስ ግዙፍ የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ለጥቂት ቤተሰቦች ለማሰማት አንድ አሮጌ ላፕቶፕና “አይስካስት” የሚባል ፕሮግራም ይበቃሉ። አይስካስት ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ያለ፣ የውስጥ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። “ነፃ ነው” ሲባል የተሰረቀ ቅጂ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ውሰዱ፣ ቅዱ፣ አሻሽሉ ብለው የፈቀዱት ነው።

አሠራሩን በሮቶ መመሰል ይቻላል። ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይገባል፣ ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ በየጀሪካኑ ይቀዳል። ወደ ሮቶው የሚገባው ከማይክሮፎኑ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ቀጂዎቹ አድማጮች ናቸው። እንግዲህ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ጀሪካን ይሞላልና አድማጭ በጨመረ ቁጥር ከሮቶው የሚወጣው ይጨምራል። ንግግርን ጥርት አድርጎ ለማስተላለፍ “ኦፐስ” በሚባለው የድምፅ አጨማመቅ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ይበቃል። ሃምሳ ሰው ሲያዳምጥ ግን ከእርስዎ መስመር 1,200 ኪሎቢት መውጣት አለበት። በአገራችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደክመው መቀበያው ሳይሆን መላኪያው ነው።

ስለዚህ ሮቶውን መስመሩ ሰፊ በሆነበት ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ውጭ አገር ያለች እህት በወር ክፍያ አንዲት አነስተኛ ሰርቨር ብትከራይና አይስካስትን እዚያ ብትጭን፣ ከዚህ የሚላከው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሆናል፤ ማከፋፈሉን ሰርቨሩ ይጨርሰዋል። እናትም የሚወስዱት ያንኑ 24 ኪሎቢት ነው፤ በሰዓት 11 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ከአርባ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው!

አጫጫኑ አያስፈራም። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይገባል። ሲጫን ሦስት የይለፍ ቃሎች ይጠይቃል፤ ለድምፅ ላኪው፣ ለአቀባባይ ሰርቨርና ለአስተዳዳሪው። እባክዎ ሦስቱንም ይለውጡ። ዝም ተብሎ ከታለፈ “ሀክሚ” የሚለው ቃል ይቀራል፤ ትርጉሙ ራሱ “ሰብራችሁ ግቡብኝ” ማለት ነውና የማንም ጎረምሳ በስብከቱ መሐል የፈለገውን ዘፈን ሊለቅበት ይችላል። ከዚያ 8000 ቁጥር በር መከፈቱን ያረጋግጡ፤ አድማጮች የሚገቡት በዚያ ነው። ድምፅ ለመላክ “በት” የሚባለው፣ እርሱም በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ለጀማሪ ይመቻል። ድምፁን በላፕቶፑ ማይክሮፎን ከመቅዳት ከሚክሰሩ በገመድ ቢወስዱት እጅግ ይሻላል። የአዳራሹን ማስተጋባት ማንም መስማት አይፈልግም።

እናት ዘንድ ያለው ስልክ አድራሻውን በብራውዘር ወይም በቪኤልሲ ይከፍታል። ቆየት ያሉ አይፎኖች ኦፐስን በብራውዘር ስለማይከፍቱ ቪኤልሲን ቢጭኑላቸው ይገላገላሉ። ደግሞ አይስካስት አድማጭ ሲገባ አስቀድሞ ያጠራቀመውን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ በዚህ ቀጭን መስመር ሃያ ሰከንድ ያህል መዘግየት ይኖራል። በስልክ እያወሩ የሚያዳምጡ ከሆነ የእናት “አሜን” ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ቢመጣ አይደነቁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት ከሌለ የዋሽንግተኗ ሰርቨር ለደብረ ኤልያሷ እናት ምንም አትረዳቸውም። አይስካስት ራሱ ግን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በግቢው ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ከአንድ ዋይፋይ ራውተር ጋር ከተያያዘ፣ በዚያ ዋይፋይ ክልል ያለ ሁሉ፣ ሕፃን ይዛ ውጭ የተቀመጠች እናትም ብትሆን፣ ያለ ምንም ካርድ ታዳምጣለች። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው ካልሞተ መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። የሚጠፋው ራውተሩ ነውና መጠባበቂያ ባትሪ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

ከቴክኒኩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ማይክሮፎን ክፍት ሆኖ ሲረሳ የጸሎት ርዕስ የሰጠች እህት የትዳር ችግር እስከ ውጭ አገር ይሰማል። የግል ጸሎት ሲጀመር መስመሩን የሚዘጋ አንድ ኃላፊ በስም ይመደብ። የዘማሪዎችን የተቀዳ መዝሙር ለማሰራጨትም የባለቤቶቹን ፈቃድ ይጠይቁ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 መብታቸውን ይጠብቃል።

በመጨረሻም በአይስካስት ማስተካከያ ፋይል ውስጥ የሚተላለፈውን ድምፅ እዚያው በፋይል የሚያስቀር መስመር አለ። ይክፈቱት። መብራትም ኔትወርክም የጠፋ ዕለት የእሑዱን ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ገልብጠው ወደ ደብረ ኤልያስ ለሚሄድ ዘመድ ይስጡት፤ እናት ረቡዕም ቢሆን ይሰሙታል።