«አልጮህኩም፤ ታዲያ ተደፈርኩ ይባላል?» ስለ ፈቃድ እና ስለ 72ቱ ሰዓት

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ግቢ ውስጥ ያላችሁም፣ ግቢ የላካችሁት ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ያላችሁም እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ቃሉ እየተለያየ ሐሳቡ ግን አንድ የሆነ አለ። «ዶክተር፣ ቦይፍሬንዴ ነው። ከግቢ ውጪ የተከራየው ቤት በራሴ እግር ነው የሄድኩት። አልፈለግኩም ነበር፣ ግን አልጮህኩም። ታዲያ ተደፈርኩ ይባላል?» ከወንዶች በኩል ደግሞ «እምቢ አላለችኝም እኮ! አሁን ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» የሚል ይመጣል።

ሁለቱም ጥያቄዎች የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው፦ «እምቢ» ካልተባለ «እሺ» ተብሏል ብለን ከማሰባችን።

ከማዕድ ወደ መኝታ የተሻገረ ልማድ

እኛ አገር እየተግደረደርን ነው ያደግነው። ሰው ቤት ሄደን «ብሉ» ስንባል «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ባለቤቷ አታምነንም። «በሞቴ!» ብላ ታጎርሰናለች፣ እኛም እንበላለን። ማዕድ ላይ ይሄ ፍቅር ነው። እንዲያውም የመጀመሪያውን «አይ» አምና ሳህኑን የምታነሳ ሴት ንፉግ ትባላለች።

ችግሩ ይህንኑ ትምህርት ይዘን ወደ ፍቅር ግንኙነት ስንገባ ነው። «ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው»፣ «ትንሽ ታስቸግርሃለች፣ አትፋታት» እየተባለ በየዶርሙ ይወራል። ያልራበውን እንግዳ ብናጎርሰው ቢበዛ ሆዱ ይነፋል። የሰው ገላ ላይ ግን «የምትግደረደር መስሎኝ» ብሎ መቀጠል ሕይወትን የሚያናጋ ጉዳት ያደርሳል።

ሌላው የግብዣው ሒሳብ ነው። ማኪያቶም ጋበዘ ክትፎ፣ ስልክ ገዛ የቤት ኪራይ ከፈለ፣ ማንም ሰው በዚህ ምክንያት ገላውን የመስጠት ዕዳ የለበትም።

ታዲያ ፈቃድ የቱ ነው?

ፈቃድ ማለት ሰውየው ወይም ሴትየዋ ነቅተው፣ ሳይፈሩ፣ የሚሆነውን እያወቁ ወደውና ፈልገው «እሺ» ሲሉ ነው። ጥቂት ነገሮችን ለይተን እንያቸው።

አንደኛ፣ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። «እንጃ» ፈቃድ አይደለም። «ኧረ እየመሸ ነው»፣ «ነገ ሚድ አለብኝ»፣ «የዶርም በር ሊዘጋ ነው»፣ «ሌላ ጊዜ ይሁን» የሚሉትም ፈቃድ አይደሉም። ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር እንደሆነ ተነግሯት ያደገች ልጅ እምቢታዋን የምትናገረው እንደዚህ እያለች ነው። ቋንቋውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አልሰማሁም ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛ፣ ለአንዱ ነገር እሺ ማለት ለሁሉም አይደለም። ቤቱ መሄድ፣ መሳሳም፣ ባለፈው ሳምንት አብሮ ማደር ለዛሬው ፈቃድ አይሆንም። መሃል ላይ ሐሳብ መቀየር ይቻላል። በኮንዶም ተስማምታ እሱ ሳይነግራት ቢያወልቀው፣ የተስማማችበት ነገር ያ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ በጣም የሰከረ ወይም ራሱን የማያውቅ ሰው ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። መቆም ያቃታትን ልጅ ወደ ፔንሲዮን ሳይሆን ወደ ጓደኞቿ ነው የምትወስዳት።

አራተኛ፣ ፍሬሽ ተማሪዎች መካከል 18 ዓመት ያልሞላቸው አሉ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የሚደረግ ግንኙነት፣ እሷ እሺ ብትልም እንኳ፣ በሕጋችን ወንጀል ነው።

ለወንድሞቼ፦ ካልገባህ ጠይቅ። «ደስ ብሎሻል? እንቀጥል ወይስ እንተው?» ማለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ወንድነትህንም አይቀንስም። መልሱ ግልጽ «አዎ» ካልሆነ እዚያው ላይ አቁም።

ለምንድነው ያልጮኸችው?

ብዙዎች ያልገባቸው ነገር ይሄ ነው፤ መልሱም ከሕክምና በኩል ነው። አደጋ ሲመጣ አንጎላችን «ምን ላድርግ?» ብሎ ቁጭ ብሎ አያስብም፤ በራሱ ጊዜ ሰውነታችንን ያዛል። መታገል ወይም መሮጥ የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሦስተኛ መንገድ አለ፦ መድረቅ። ጡንቻ አልታዘዝ ይላል፣ ድምፅ አልወጣ ይላል፣ አንዳንዶች ከገላቸው ወጥተው ከሩቅ የሚያዩት ያህል ይሰማቸዋል። ይሄ ፍላጎት አይደለም፣ ድክመትም አይደለም። በከባድ ፍርሃት ጊዜ የሚመጣ የሰውነት ምላሽ ነው።

ስለዚህ «ብትፈልግ ኖሮ ትጮህ ነበር» የሚለው አነጋገር በሕክምና ዓይን ውሃ አይቋጥርም። «ምልክት የለባትም» የሚለውም እንዲሁ፤ ብዙ ተጠቂዎች ላይ በምርመራ የሚታይ ቁስል አይገኝም። የድንግልና ምርመራም የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቀር ጠይቋል።

ሕጉ ምን ይላል?

እኔ ሐኪም እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን እነዚህን ማወቅ ይጠቅማችኋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት በኃይል፣ በከባድ ማስፈራራት፣ ወይም ራሷን እንዳታውቅ አለዚያም መከላከል እንዳትችል አድርጎ ሴትን ከጋብቻ ውጪ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ብዙ ሆነው ተባብረው ከፈጸሙት ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

አንቀጽ 625 ደግሞ ለግቢ ተማሪ በጣም ቅርብ ነው። በመምህርነቱ፣ በአሠሪነቱ ወይም በመሳሰለው ሥልጣኑ ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግንኙነት የፈጸመ ሰው፣ አቤቱታ ሲቀርብበት በእስራት ይቀጣል። «ስለ ግሬድሽ ቢሮ ነይና እንነጋገር» ብሎ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ኢንስትራክተር «ተስማምታ ነው» ቢል፣ ኤፍ የመስጠት ሥልጣን በእጁ እያለ የተገኘ «እሺ» ነጻ እሺ አይደለም። የላከውን ሜሴጅ አታጥፊ፤ ስክሪንሾት አንሺና ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ። ቢሮ የግድ መሄድ ካለብሽ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ።

72 ሰዓት፦ ይህን ክፍል ሴቭ አድርጉት

ነገሩ ከደረሰ በኋላ የሚጨክነው ሰዓቱ ነው። «ለማን ልንገር? ቤተሰብ ቢሰማስ?» እየተባለ ሦስት ቀን ሳይታወቅ ያልፋል። ለቤተሰብ መናገር፣ ለፖሊስ ማመልከት ነገም ሊወሰን ይችላል። ሕክምናው ግን ዛሬ ነው።

ለኤችአይቪ፦ ፔፕ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም።

ለእርግዝና፦ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ብዙዎቻችሁ ፖስትፒል በሚለው ስሙ የምታውቁት፣ በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ቢችልም በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። የተፈጠረ እርግዝናን አያስወርድም። ሉፕም በ5 ቀን ውስጥ ከገባ በጣም ጥሩ ይሠራል። ከመደፈር እርግዝና ቢከሰት ሕጉ በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለዚህም የተጎጂዋ ቃል ብቻ በቂ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አትጠየቅም። ስለዚህ ማንም ወደ ሰፈር አስወራጅ እንዳይሄድ።

ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች መከላከያ መድኃኒት ይሰጣል፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ ቁስል ካለም የቴታነስ ክትባት ይታያል።

ለማስረጃ፦ ከባድ ቢሆንም፣ ከቻልሽ ከመታጠብሽ በፊት ሂጂ። የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት አድርጊው፤ ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥበሽ ከሆነም ምንም አይደለም፣ ሂጂ። ሕክምናው አይቀርብሽም።

የት? የግቢ ክሊኒክ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ከሌለው ግን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊስ አገልግሎቱን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ከተባላችሁ፣ ፔፕ ደብዳቤ እንደማይጠብቅ በትሕትና ግን በጽናት ንገሯቸው። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤት ለሚጻፈው የሕክምና ማስረጃ ነው። ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ አገልግሎት ይሰጣል፤ ግቢ ውስጥም የሥርዓተ ፆታ ቢሮውን ጠይቁ።

ወንድ ተማሪዎችም ይጠቃሉ፣ ዝምታቸው ደግሞ ይብሳል። ፔፑም፣ ሕክምናውም ለእናንተም ነው። አታፍሩ።

የዶርም ጓደኛ ከሆናችሁ

እሷ የምትነግረው የመጀመሪያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ያኔ የምትናገሪው ቃል ሆስፒታል መሄድና አለመሄዷን ሊወስን ይችላል። «ለምን ሄድሽ? ምን ለብሰሽ ነበር?» አትበያት። «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አብሬሽ እሄዳለሁ» በያት፤ ከዚያም ቦርሳሽን አንሺና ተነሺ። ሳትፈቅድ ለቤተሰቧም ለግሩፕም አትናገሪ። «ይቅርታ ጠይቆሽ ይለቅ» እያላችሁም አታሸማግሉ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ክላስ ከቀረች፣ በትንሽ ድምፅ ከደነገጠች ወይም ሞትን ካነሳች ለብቻዋ አትተዋት፤ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይዛችኋት ሂዱ። የኤችአይቪ ምርመራውም ከ6 ሳምንት እና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፤ ቀጠሮውን አስታውሷት።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የራሳችሁን ወይም የጓደኛችሁን ታሪክ ግን እባካችሁ በኢንቦክስ ብቻ። አሁን 72 ሰዓት ያልሞላሽ ከሆነ የእኔን መልስ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ።

ዘንድሮ ግቢ ለሚገባ ለምታውቁት ሁሉ፣ በተለይ ለወንዶቹ፣ ሼር አድርጉላቸው።