ስለ ፍልሰታ በዓል ትርጕም

ነሐሴ ሲገባ እንጦጦ ጉም ይለብሳል፤ ከግርጌው ባሉት የየካ ሰፈሮችም ሕፃናት ሳይቀሩ ፍልሰታን ይጾማሉ። ጾሙ ነሐሴ 1 ቀን ይጀመራል፤ በዓሉም ነሐሴ 16 ቀን ይውላል። በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊካውያን ከኦርቶዶክሳውያን ጋራ በአንድ ቀን ያከብሩታል፤ በላቲን ሥርዓት ግን ነሐሴ 9 ቀን ነው።

«ፈለሰ» ማለት ከስፍራ ወደ ስፍራ ሄደ ማለት ነው። እመቤታችን በነፍሷ ብቻ ሳይሆን በሥጋዋም ወደ ሰማይ መወሰዷን ስሙ ራሱ ይናገራል። ጾም ሥጋን መናቅ ነው የሚል ሰው አለ፤ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን የጾሙ ፍጻሜ የሥጋ ክብር ሆኖ እናገኘዋለን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን የእምነት አንቀጽ አድርገው ያወጁት ጥቅምት 22 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 5 ዓመቱ ነበር። ያን ያህል ሬሳ ባየ ዓለም ፊት የሰው ሥጋ ክቡር ነው ማለት ቀላል ቃል አይመስለኝም።

በአገራችን ትውፊት ሐዋርያው ቶማስ በቀብሯ አልነበረም። በደመና ሲመጣ ስታርግ አገኛት፤ ሰበኗንም ሰጠችው። የቀሩት ሐዋርያት መቃብሩን ቢከፍቱ ባዶ ሆነባቸው፤ በዓመቱም እርሱ ያየውን እናይ ዘንድ ብለው ጾሙ። የነሐሴ ጾማችን ከዚያ የመጣ ነው።