የአደን ጠመንጃ የጥይት ካዝና፦ ቱቦ ወይስ ሣጥን?

የአደን ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ጥይት እንደሚጐርስ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ጥይቱ በምን አኳኋን ይቀመጣል የሚለው ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1894 የወጣው ዊንቸስተር ጥይቶቹን ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ በሰልፍ ይይዛል። ስለዚህ የኋለኛው ዐረር ጫፍ በፊተኛው ቀለህ መቀመጫ ላይ ያለውን መለኮሻ ይነካል። ዐረሩ ሹል ከሆነ፣ ጠመንጃው ተተኵሶ ወደ ኋላ ሲመታ፣ በቱቦው ያለው ጥይት በአዳኙ እጅ ሥር ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም ለቱቦ ጫፈ ደልዳላ ዐረር ያስፈልጋል፤ ይህም አየሩ ስለሚያግደው ፍጥነቱ ቶሎ ይቀንሳል።

ለብዙ የአደን ጠመንጃዎች አብነት የሆነው የ1898ቱ ማውዘር ግን ጥይቱን በሣጥን ስለሚደራርብ ሹል ዐረር ያለ ሥጋት ይጐርሳል። ዛሬ ጫፉ የሚለመጥ ሹል ዐረር ለቱቦም ስለተሠራ ልዩነቱ ጠብቧል።

እንግዲህ በጫካ ከቅርብ ለሚያድን ቱቦ ይበቃል፤ በሜዳ ከሩቅ ለሚተኵስ ግን አውሬውን አቍስሎ እንዳይሰድ ሣጥን ይሻለዋል።